አሎትመንት ያላችሁ ሀበሾች፣ ዊንተሩ ሳያልቅ እነዚህን ስራዎች ጨርሱ

ይሄን የምጽፈው ለንደንም ሆነ ሌላ የእንግሊዝ ከተማ አሎትመንት (አትክልት የሚተከልበት የኪራይ መሬት) ላላችሁ ነው፣ በተለይ ደግሞ ወረፋው ደርሷችሁ ዘንድሮ ቁልፍ ለተቀበላችሁ። ፌብሩዋሪ ሲጋመስ አንድ ሁለት ቀን ጸሀይ ትወጣና ሰው ሁሉ ዘር ይዞ ይሮጣል፣ ሱቁም በዘር ፓኬት ይሞላል፣ መሬቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው እርጥብም ነው። እዚህ አገር የካቲት መሬት የሚዘጋጅበት፣ ዛፍ የሚገረዝበትና ቤት ውስጥ አንዳንድ ነገር የሚጀመርበት ወር ነው እንጂ ሜዳ ላይ የሚዘራበት አይደለም፣ ከባቄላና ከሽንኩርት ዘመዶች በስተቀር። የዝግጅቱን ስራ አሁን ከጨረሳችሁ ኤፕሪል ላይ ሁሉም ነገር ባንዴ ሲመጣ መትከል ብቻ ይቀራችኋል። ካልጨረሳችሁ ግን አረሙ ይቀድማችኋል፣ አንዴ ከቀደመ ደግሞ በጋውን ሙሉ እሱን ስታሳድዱ ነው የምትከርሙት።

መጀመሪያ አፈሩን ሳትነኩ ፈትኑት። ለንደን አብዛኛው ቦታ ሸክላ አፈር ነው፣ ዊንተር ውሀ ይጠጣና ይከብዳል። አንድ እፍኝ አፈር አንሱና ጨበጥ አርጉት፣ ከዛ በጣታችሁ ነካ አርጉት። ከተፈረፈረ ስራ ጀምሩ፣ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ወይም ቦት ጫማችሁ ስር እየተለጠፈ ከመጣ ግን ከመደቡ ውጡ። እርጥብ ሸክላ ላይ ስትረግጡ ወይም ስትቆፍሩ በአፈሩ መሀል ያለው አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈጠጣል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ይደርቅና ጡብ ይሆናል፣ ስር አይገባውም ውሀም ላዩ ላይ ነው የሚቆመው። የግድ መግባት ካለባችሁ ሰፋ ያለ ጣውላ አንጥፉና እሱ ላይ ቁሙ፣ ክብደታችሁ ይበተናል። እኔ ለአዲስ ሰው አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብባል ይሄን ነው የምሰጠው፣ እርጥብ መሬት አትርገጡ። ቀኑ ካልመቸ ሼዱን (የእቃ ማስቀመጫውን ጎጆ) አጽዱ፣ ዘር ለዩ፣ ስራ አይጠፋም።

ቁፋሮን በተመለከተ ሁለት አይነት ሰው አለ። አንዱ በየዓመቱ አገላብጦ የሚቆፍር ነው፣ ሌላው ጭራሽ የማይቆፍር። ሳመርሴት የሚኖረው አትክልተኛ ቻርልስ ዳውዲንግ ይሄን አለመቆፈር የሚባለውን ዘዴ በጣም አስፋፍቶታል፣ ሀሳቡም ቀላል ነው፣ አረሙ ላይ ካርቶን ታነጥፋላችሁ (ፕላስተሩንና ስቴፕሉን ነቅላችሁ)፣ በላዩ 10 ወይ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ኮምፖስት (የበሰበሰ የቅጠላ ቅጠል ማዳበሪያ) ታለብሳላችሁ፣ ከዛ እላዩ ላይ ትተክላላችሁ። ካርቶኑ ብርሀን ይከለክልና አረሙ ይሞታል፣ ትሎቹ ደግሞ ኮምፖስቱን ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወስዱታል። ጀርባ ለሚያማቸውና ለትልልቅ ሰዎች በጣም እመክራለሁ። ችግሩ መጀመሪያ ዓመት ላይ የሚፈጀው ኮምፖስት ብዛት ነው፣ ሙሉ ፕሎት (አንድ ሰው የሚይዘው መሬት) በባህሉ 10 ሮድ ነው፣ ወደ 250 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው፣ ያን ሁሉ በተገዛ ኮምፖስት አልብሱ ቢባል ኪስ አይችለውም። ስለዚ አንድ ሩብ ያህሉን ብቻ ዘንድሮ በካርቶን ጀምሩ፣ ቀሪውን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍናችሁ አቆዩት፣ አረሙን ይይዝላችኋል፣ ከስሩ ያለው አፈርም ቀድሞ ይሞቃል።

ካርቶን የማያሸንፋቸው አረሞች ግን አሉ። ካውች ግራስ የሚሉት የኛን ሰርዶ የሚመስል ሳር አለ፣ ነጭ ሹል ስሩ ከመሬት በታች ይሄዳል፣ ቢንድዊድ ደግሞ ነጭ ክር የመሰለ ስር አለው፣ በጋ ላይ ባቄላው ላይ ተጠምጥሞ ያንቀዋል። የሁለቱም ባህሪ አንድ ነው፣ ቁራጭ ስር ከቀረ ከዛች ቁራጭ አዲስ ተክል ይወጣል። ስለዚ ሞተር ተከራይቶ መሬቱን መገልበጥ የሚባለውን ነገር እርሱት፣ አንዱን ስር መቶ ቦታ ቆራርጦ መትከል ማለት ነው። የመቆፈሪያ ፎርክ ይዛችሁ፣ አፈሩ ልስልስ ባለ ቀን፣ ቀስ ብላችሁ ስሩን ተከትላችሁ ሳይበጠስ ሳቡት። አሁን ጥሩ ጊዜው ነው፣ ቅጠል ስለሌለ ስሩ በደንብ ይታያል። የነቀላችሁትን ስር ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ ባልዲ ውስጥ ውሀ ሞልታችሁ ክዳን ገጥማችሁ ጥቂት ወር አበስብሱት፣ ከሞተ በኋላ መድፋት ይቻላል።

ፍግ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ። ብዙ አሎትመንት በር ላይ የፈረስ ፍግ በነጻ ተከምሮ ታገኛላችሁ ወይ በርካሽ የሚያመጣላችሁ ሰው ይኖራል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ መብሰሉን። የበሰለ ፍግ ጥቁር ቡና ይሆናል፣ ይፈረፈራል፣ የሽንት ሽታ የለውም፣ ገለባው ተለይቶ አይታይም። ትኩስ ከሆነ ዘንድሮ ጥግ ላይ ከምሩትና ሸፍኑት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። ሁለተኛው የማይታየው ነው። ገበሬዎች ሳር ላይ የሚረጩት አሚኖፒራሊድ የሚባል የአረም መድሀኒት አለ፣ ሳርን አይነካም፣ ሰፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ነው የሚገድለው። ፈረሱ ያን ሳር ወይ ድርቆሽ ሲበላ መድሀኒቱ ሆዱ ውስጥ አይፈርስም፣ እንዳለ በፍጉ ይወጣል፣ ፍጉ ቢበሰብስ እንኳ ቶሎ አይጠፋም። እናንተ ፍጉን ድንችና ቲማቲም ስር ስታረጉት ቅጠላቸው ይጠቀለላል፣ እንደ ፈርን ይጨማደዳል፣ ምርት የለም። ፍጉን ያመጣው ሰውዬ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

መሞከሪያው ደግሞ ቀላል ነው፣ አሁን ፌብሩዋሪ ላይ ጀምሩት። ከፍጉ ከተለያየ ቦታ፣ ከላይም ከመሀልም፣ ትንሽ ትንሽ ውሰዱና ከተገዛ ኮምፖስት ጋር እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ሶስት አራት የችግኝ ማሰሮ ሙሉ። ሌላ ሁለት ማሰሮ ደግሞ ኮምፖስት ብቻ ሙሉና ለዩአቸው። በሁሉም ላይ ባቄላ ዝሩ፣ ቤት ውስጥ መስኮት ጋ አስቀምጡ፣ ከበቀለ በኋላ እውነተኛ ቅጠሉ ሶስት አራት እስኪደርስ ጠብቁ። በሁለቱም አይነት ማሰሮ እኩል ካማረ ፍጉን ተጠቀሙበት። የፍጉ ባቄላ ብቻ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ያን ክምር አትንኩት። ባቄላ የሚመረጠው ለዚህ መድሀኒት በጣም ስለሚሰማው ነው። ይሄን ሙከራ ሳታረጉ ድንች ስር ፍግ አትጨምሩ፣ የአንድ ዓመት ልፋት ነው የሚሄደው። ደህና መሆኑ ከታወቀ 5 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት አልብሱት፣ ድንች፣ ዱባ፣ ጎመን ይወዱታል። ካሮት ለምትዘሩበት መደብ ግን አትጨምሩ፣ ስሩ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ጎመን ካነሳን አይቀር ኖራ። የኛ ሰው አሎትመንት ሲያገኝ ግማሹን መሬት ጎመን ነው የሚያረገው፣ አልፈርድም፣ ግን በየዓመቱ እዛው መደብ ላይ ጎመን በጎመን ላይ ከተከላችሁ ክለብሩት የሚባል የስር በሽታ ይመጣል። ስሩ ያብጣል፣ ቅጠሉ ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ተክሉ ቀጭጮ ይቀራል። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ እስከ 20 ዓመት መቆየት ይችላል፣ መድሀኒትም የለውም። በሰው ቦት ጫማና በተገዛ ችግኝ ስር ነው የሚዛመተው፣ ስለዚ ጎረቤት የሰጣችሁን የጎመን ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ስሩን እዩ። የሀበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ኬል፣ አበባ ጎመን፣ ሰናፍጭ፣ ቀይ ፍሬ ራዲሽ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ዘንድሮ እነሱ የነበሩበት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ድንች ወይ ባቄላ ወይ ሽንኩርት ይግባ። በሽታው አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ በዛ ላይ ነው ኖራ የሚረዳው። ርካሽ የአፈር መመርመሪያ ግዙ፣ ፒኤች የሚሉት የአሲድ ልኩ ከ7 በታች ከሆነና ያ መደብ ለጎመን ከሆነ የአትክልት ኖራ አሁን በትኑ፣ መጠኑን ከረጢቱ ላይ አንብቡ፣ ጓንት አርጉ፣ ነፋስ ባለበት ቀን አትበትኑ። ኖራና ፍግ ግን ባንድ ጊዜ አይሆንም፣ ሲገናኙ ናይትሮጅኑ አሞንያ ሆኖ አየር ላይ ይበናል፣ በመሀል ቢያንስ አንድ ወር ይለፍ። ድንች የሚተከልበትም ኖራ አይፈልግም፣ ቅርፊቱ ላይ ስካብ የሚባል እከክ ያወጣል።

ኮምፖስት ክምሩን አሁን አትረብሹት። ውስጡ እንቁራሪት ወይ ሄጅሆግ (ጃርት መሰሉ ትንሽ እንስሳ) ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ እባብ የሚመስል ግን እግር የሌለው እንሽላሊት የሆነ ስሎውወርም የሚሉትም አለ፣ ምንም አይጎዳም፣ በህግም የተጠበቀ ነው፣ ደንግጣችሁ በአካፋ እንዳትመቱት። ማርች አልቆ ሲሞቅ ነው የሚገለበጠው። እስከዛ ከላይ መጨመር ትችላላችሁ። የቡና አተላ የሀበሻ ቤት ሀብት ነው፣ ጨምሩት፣ ግን ከካርቶንና ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅላችሁ። አተላውን ብቻውን አፈር ላይ ወፍራም አርጋችሁ ካለበሳችሁት ይደርቅና ውሀ አያሳልፍም፣ ለጋ ችግኝም ያቀጭጫል። የተረፈ እንጀራ፣ ወጥ፣ ስጋ ነክ ነገር ጭራሽ አይገባም፣ አይጥ ነው የሚጠራው፣ አይጥ ከመጣ ደግሞ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ይጣሏችኋል።

አሁን መቀስ። ፖም ወይ ፒር ዛፍ ፕሎቱ ላይ ካለ እንቅልፍ ላይ እያለ፣ ቡቃያው ሳይፈነዳ መግረዝ አለባችሁ፣ ማርች መጀመሪያ ላይ ጊዜው ያልቃል። ቅደም ተከተሉ፣ መጀመሪያ የሞተውን፣ ቀጥሎ የታመመውን፣ ከዛ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ፣ ከዛ ወደ መሀል የሚያድገውን። መሀሉ ብርሀንና ንፋስ የሚያስገባ ክፍት መሆን አለበት። ለብዙ ዓመት ያልተነካ ዛፍ ከወረሳችሁ በአንድ ዓመት ለማስተካከል አትሞክሩ፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ አንሱለት፣ ከዚያ በላይ ካነሳችሁ ተደናግጦ ቀጥ ቀጥ ያለ ፍሬ የማይሰጥ ቀንበጥ ነው የሚያወጣው። ፕለምና ቼሪ ግን አሁን አትንኩ፣ ሲልቨር ሊፍ የሚባል የፈንገስ በሽታ በቁስሉ ይገባል፣ እነሱ የሚገረዙት በጋ ላይ ነው። ራዝቤሪ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር የሚያፈራው አይነት ከሆነ ፌብሩዋሪ ላይ አገዳውን ሁሉ እስከ መሬት ቁረጡት፣ አዲስ በሚወጣው ላይ ነው የሚያፈራው። ጁላይ ላይ የሚያፈራው ከሆነ ግን አሁን ከቆረጣችሁ የዘንድሮን ፍሬ ቆረጣችሁ ማለት ነው፣ ሽቦው ላይ ማሰር ብቻ። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ጎረቤት ጠይቁ፣ እዛ ሰላሳ ዓመት የቆዩ የጃማይካና የቆጵሮስ ሽማግሌዎች አይጠፉም፣ የእያንዳንዱን ፕሎት ታሪክ ያውቃሉ፣ ሰላም ብላችሁ ጠጋ በሏቸው።

አጥር ያላችሁ ቁጥቋጦውን ከማርች በፊት ከርክሙ። ከማርች እስከ ኦገስት ወፎች ጎጆ የሚሰሩበት ነው፣ እንቁላል ያለበትን ወይ እየተሰራ ያለን ጎጆ ማፍረስ ደግሞ በ1981 በወጣው የዱር እንስሳት ህግ ወንጀል ነው። የቆረጣችሁትን እንጨት ከማቃጠላችሁ በፊት የአሎትመንቱን ደንብ አንብቡ፣ ለንደን ውስጥ ብዙ ቦታ ክልክል ነው።

ወደ ዘሩ እንሂድ። ድንች አሁን አይተከልም ግን አሁን ይጀመራል። የዘር ድንች ተብሎ የተመሰከረለትን ግዙ፣ የሱፐርማርኬት ድንች ቫይረስ ሊኖረው ይችላል፣ እንዳይበቅል የተደረገም አለ። ቶሎ የሚደርስ ከፈለጋችሁ ሮኬት ወይ ስዊፍት፣ ለሰላጣና ለአልጫ ሻርሎት፣ ለጥብስና ለማከማቸት ማሪስ ፓይፐር። ብላይት ፕሎታችሁን በየዓመቱ የሚያጠቃው ከሆነ ሳርፖ ሚራ ይቋቋመዋል፣ አገር ቤት ድንች ያረሰ ሰው ይሄን በሽታ ያውቀዋል፣ ዋግ እያለ ቅጠሉን በሳምንት የሚያጠቁረው ያው ነው። ድንቹን የእንቁላል ካርቶን ላይ፣ ብዙ ዓይን ያለበትን ጫፍ ወደ ላይ አርጋችሁ ደርድሩት። ብርሀን ያለበት ግን ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይሁን፣ ማሞቂያ አጠገብ አይሆንም፣ ጨለማ ከሆነም ነጭ ቀጭን ረጅም ቡቃያ ነው የሚያወጣው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ 2 ሳንቲሜትር ያህል ወፍራም ቡቃያ ያወጣል። ቶሎ የሚደርሰው ማርች መጨረሻ አካባቢ ይተከላል፣ በተክሉ መሀል 30፣ በመስመሩ መሀል 60 ሳንቲሜትር፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ዋናው ድንች ደግሞ ኤፕሪል ላይ ሰፋ አርጎ። እንግሊዞች በስቅለት ቀን የመትከል ልማድ አላቸው፣ ስቅለት ግን በየዓመቱ ስለሚዘዋወር የአፈሩን ሙቀት እዩ እንጂ ቀኑን አትጠብቁ።

ባቄላ ግን ብርድ አይፈራም። ለእሸት የምትጓጉ ካላችሁ፣ እና ማን የማይጓጓ አለ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ጸሀይ ያለው ቦታ ላይ መዝራት ትችላላችሁ። አኳዱልቼ የሚባለው ዝርያ ብርድ ይችላል፣ በኖቬምበርም ይዘራል። 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ በመሀሉ 20 ሳንቲሜትር፣ ሁለት ሁለት መስመር ጎን ለጎን አርጋችሁ ከዛ 60 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ተዉ። አይጥ ዘሩን እየቆፈረ የሚበላባችሁ ከሆነ ቤት ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ካርቶን ውስጥ አብቅሉትና ማርች መጨረሻ ላይ ከነካርቶኑ ትከሉት። ከሀበሻ ሱቅ የገዛችሁት ደረቅ ባቄላም ሊበቅል ይችላል፣ ያረጀ ካልሆነና ካልተከካ፣ ግን መጀመሪያ ፈትኑት፣ አስር ፍሬ እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ በላስቲክ አርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ በአስር ቀን ውስጥ ሰባት ስምንቱ ከበቀሉ ጥሩ ነው፣ ሶስት ብቻ ከሆነ ለሽሮ ይሁን። የድሮ ዘር ፓኬት ሁሉ እንዲህ ይፈተናል። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ለምታስመጡ ግን፣ እዚህ አገር ሲገባ አብዛኛው ዘር የዕጽዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠይቃል፣ ድንችማ ጭራሽ አይሞከርም፣ ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት የመንግስቱን ድረገጽ እዩ።

ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ነው፣ ብርድ ካላገኘ ራሱ ተከፋፍሎ ጭንቅላት አይሰራም። ያመለጣችሁ አሁኑኑ ትከሉ፣ 15 ሳንቲሜትር በመሀሉ፣ ሹሉን ወደ ላይ። ቀይ ሽንኩርት ለተከላ ተብሎ በትንንሽ ራስ የሚሸጠውን ማርች አጋማሽ ላይ ጀምሩ፣ 10 ሳንቲሜትር በመሀሉ፣ ጫፉ ብቻ ይታይ፣ ወፍ እየነቀለ ስለሚጥለው መረብ አልብሱት። ለዶሮ ወጥ የሚሆን ሻሎትም እንዲሁ ነው፣ መሀሉን ግን 15 ሳንቲሜትር አርጉት፣ አንዷ ስድስት ሰባት ሆና ትወጣለች።

ቃሪያና በርበሬ ከሁሉም ቀድሞ ቤት ውስጥ የሚጀመር ነው፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ በጋ አጭር ነው፣ በርበሬ ደግሞ ቀይ ሆኖ እስኪበስል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ኤፕሪል ላይ ከዘራችሁ አረንጓዴ ቃሪያ ትበላላችሁ፣ ቀይ ግን ከብርዱ በፊት አይደርስም። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ዝሩት። ለመብቀል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ የኤሌክትሪክ ፕሮፓጌተር (ዘር የሚያሞቅ ሳጥን) ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ማሰሮውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ቦይለር ያለበት ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡትና በየቀኑ እዩት። አናቱን ብቅ እንዳረገ ወዲያው ወደ ብርሀን መውጣት አለበት፣ አንድ ቀን እንኳ ጨለማ ውስጥ ቢያድር ቀጭን ሆኖ ይሰገጋል። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ላይ አርጉት፣ በየቀኑ ማሰሮውን አዙሩት፣ ማታ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አትተዉት፣ መስታወቱ ጋ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል። ውሀ ከስር ነው የሚጠጣው፣ ማሰሮውን ሰሀን ላይ አርጋችሁ ሰሀኑ ውስጥ ጨምሩ፣ ላዩ ሁሌ እርጥብ ከሆነ ግንዱ ከስሩ ይበሰብሳል። አራት ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻ ወደ ሌላ ማሰሮ አዛውሩ፣ በቅጠሉ ያዙት እንጂ በግንዱ አትያዙት። ለንደን ውርጭ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ሜይ አጋማሽ ይመጣል፣ ስለዚ ጁን ሳይገባ ሜዳ ላይ እንዳታወጡት፣ ግሪንሃውስ ወይ ፖሊተነል (የላስቲክ ቤት) ያላችሁ ደግሞ እዛው ይኑር፣ ሜዳ ላይ የሚበስለው ጥሩ ጸሀይ በሆነ ዓመት ብቻ ነው።

የሀበሻ ጎመን ይሄን ያህል ጣጣ የለውም፣ ማርች መጨረሻ ላይ በትሪ ዝሩት፣ 1 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ማሞቂያ አይፈልግም፣ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ተክላችሁ መረብ ታለብሱታላችሁ። በሶብላ ግን ብርድ ጠላቱ ነው፣ እስከ ኤፕሪል ፓኬቱን አትክፈቱ።

ጤና አዳም ያላችሁ ማርች መጨረሻ ላይ ከበድ ያለው ውርጭ ሲያልፍ ከርክሙት፣ ካልተከረከመ ከስሩ እንጨት ብቻ ሆኖ ራሰ በራ ይሆናል። አዲስ ቡቃያ የምታዩበት ድረስ ብቻ ቁረጡ። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልብስ ግዴታ ነው፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ጸሀይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሀ ያዘለ ቁስል ይወጣል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ እናቶች በተለይ ተጠንቀቁ፣ እኛ ቡና ውስጥ ስለምናረገው ምንም አያረግም ብለን ነው የምናስበው።

ዝናብ በሆነ ቀን ሼድ ውስጥ ስሩ። ማሰሮና ትሪውን በሞቀ ውሀና ሳሙና እጠቡ፣ ያምናው በሽታ እዛ ላይ ነው የሚያድረው። የመግረዣ መቀሱን ሳሉ፣ የእንጨት እጀታውን በተልባ ዘይት እሹት። የግሪንሃውስ መስታወት አረንጓዴ ሆኖ ከሆነ ከውስጥም ከውጭም እጠቡ፣ አሁን ብርሀን ነው ያጠረን። ቧንቧው ዊንተር ላይ እንዳይፈነዳ ስለሚዘጋና ማርች ወይ ኤፕሪል ላይ ስለሚከፈት፣ ከሼዱ ጣራ የሚወርደውን ውሀ የሚይዝ በርሜል አሁን አቁሙ። ከዛ ደግሞ ኢንስፔክሽን አለ፣ ብዙ ቦታ የአሎትመንቱ ኃላፊዎች ስፕሪንግ ላይ እየዞሩ ያያሉ፣ ያልተሰራ ፕሎት ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ በጥቁር ፕላስቲክ በስነስርዓት የተሸፈነና የተወሰነው የተሰራ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላሉ። ከታመማችሁ ወይ አገር ቤት ከሄዳችሁ ቀድማችሁ ኢሜይል ላኩ፣ ዝም ማለት ነው ፕሎት የሚያስወስደው።

የሚበላ ነገርም አለ፣ እና በሰዓቱ ነው የሚመጣው፣ ዐብይ ጾም ሲገባ ዊንተሩን የተቋቋመው ኬልና ወይንጠጅ አበባ ጎመኑ ቡቃያ የሚያወጣበት ነው። ብርድ የመታው ቅጠል ይጣፍጣል፣ ከስር ከስር ቀንጥሱ፣ መሀሉን ተዉት። ርግብ በዚህ ወቅት ሌላ የሚበላ ስለሌለው አንድ ጠዋት ላይ አጥንቱን ብቻ ያስቀርላችኋል፣ መረቡን በደንብ ወጥሩት፣ ቅጠሉ ላይ ከተኛ ከላዩ ሆኖ ይበላዋል። ኤፕሪል ላይ አበባ ማውጣት ሲጀምር እምቡጡን ቆርጣችሁ እንደ ጎመን ጠብሳችሁ ብሉት፣ ከዛ ግንዱን ከነስሩ ንቀሉት። ስሩ ንጹህና ቀጭን ከሆነ ቀጥቅጣችሁ ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩ፣ ያበጠና የተጠማዘዘ ከሆነ በላስቲክ ቋጥራችሁ ከአሎትመንቱ ውጭ ወደ ቆሻሻ ውሰዱት፣ የዛን መደብ አፈር የነካ አካፋና ጫማም እዛው ታጠቡ።